ለእነማን እንደሚሄድ መጀመሪያ አሳየኝ

አዲስ አበባ፣ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለው ቢሯችን የምንንከባከበው አንድ ትንሽ የኮማንድ ላይን መሣሪያ አለ። ሥራው ኢሜይል መላክ ነው፦ በወሩ መጨረሻ ለሠራተኛ ፔይስሊፕ፣ ለደንበኛ ደረሰኝ፣ አንዳንዴም የስብሰባ ጥሪ። መላኩ ራሱ አያስቸግርም፤ በብዙ ሰው እጅ የተፈተሹ ላይብረሪዎች ስላሉ አንዱን መጥራት ይበቃል። የምንከራከረው በኦፕሽኖቹ ስም ላይ ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ትርፍ ጭቅጭቅ ሊመስለው ይችላል። እኔ ግን የዚህ ሥራ ዋናው ክፍል ይህ ነው እላለሁ። ኢሜይል ከእጅ ከወጣ አይመለስም፤ ከመውጣቱ በፊት ላኪው የሚያየው የመጨረሻ ነገር ደግሞ ራሱ የጻፈው ትእዛዝ ነው።

የኦፕሽን ስም ዕድሜው ረጅም ነው። ኤሪክ አልማን የጻፈው ሰንድሜይል እ.ኤ.አ. በ1983 ከቢኤስዲ ጋር ወጣ። ዛሬ በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚሠሩት ፖስትፊክስና ኤግዚም ናቸው፤ ሁለቱም ግን «ሰንድሜይል» የሚባል ትእዛዝ ይዘው ይመጣሉ። በዚያ ትእዛዝ ሰረዝ ቲ ሲባል ተቀባዮቹ ከደብዳቤው ሄደር ይነበባሉ፤ ሰረዝ አይ ሲባል ነጥብ ብቻ የያዘ መስመር ሲያጋጥም ደብዳቤው እዚያ አይቆረጥም። ፕሮግራሙ ተቀየረ፣ ፊደሎቹ ቀሩ። ቁጥር ስፍር የሌለው ስክሪፕት ስለሚጠራቸው ደፍሮ የሚነካቸው የለም። ስለዚህ አንድ ፊደል ለአንድ ተግባር ሲሰጥ ገና ለማናውቃቸው ሰዎች ቃል እየገባን መሆኑን ማወቅ አለብን።

ቃሉ ሲፈርስ ምን እንደሚሆን ሰረዝ ኤ ታሳያለች። ሴንትኦኤስ 7 ላይ «ሜል» የሚለው ትእዛዝ ከኤርሉም ሜልኤክስ የመጣ ነው፤ እዚያ ሰረዝ ኤ ፋይል አታች ታደርጋለች። ኡቡንቱ ላይ ያው «ሜል» የሚመጣው ከጂኤንዩ ሜልዩቲልስ ወይም ከቢኤስዲ ሜልኤክስ ፓኬጅ ነው፤ በእነዚህ ሰረዝ ኤ ሄደሩ ላይ አንድ መስመር ትጨምራለች እንጂ ፋይል አታያይዝም። በሜልዩቲልስ ፋይል የሚያያይዘው ካፒታል ኤ ነው። የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ በሰኔ 2016 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ሰርቨሩን ወደ ኡቡንቱ ያዛወረ ድርጅት ስክሪፕቱንም እንዳለ ያዛውራል። ትእዛዙ አንድ ፊደል ሳይጎድል ይሄዳል፣ ፔይስሊፑ ግን አይያያዝም።

በካፒታልና በስሞል ፊደል ትርጉም መለየት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ፊደላችንን ከማካተቱ በፊት ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ባዘጋጁት ሴራ በተባለ ሥርዓት አማርኛ በላቲን ፊደል ይጻፍ ነበር፤ ስሞል ቲ «ተ»ን፣ ካፒታል ቲ «ጠ»ን ትወክላለች። እዚያ አንባቢው ሰው ነውና «ተመንጃ ያዥ» ተብሎ ቢደርሰው አርሞ ያነበዋል። ሼል እንዲህ ያለ ምሕረት የለውም።

በመሣሪያችን አጭር ፊደል የሰጠነው ቢሳሳቱበት ብዙ ለማይጎዳ ነገር ብቻ ነው። ሰረዝ ኤስ ርዕስ ናት፤ የፖዚክስ መመዘኛም ያጸደቃት ስለሆነች ለክርክር አትቀርብም። ፋይል ማያያዣው ግን አጭር መልክ የለውም፣ ሙሉ ቃሉ ይጻፋል። እጅ ያዘገያል የሚሉ አሉ። ይዘግይ። አንድ ማያያዣ የሚወስደውም አንድ ፋይል ብቻ ነው፤ ሁለት ፋይል ያለው ሰው ኦፕሽኑን ሁለት ጊዜ ይጽፋል። መት በተባለው የታወቀ የኢሜይል ፕሮግራም ሰረዝ ኤ ብዙ ፋይል ስለምትቀበል ከተቀባዩ አድራሻ በፊት ድርብ ሰረዝ ካልገባ አድራሻውንም እንደ ፋይል ትወስደዋለች። መትን እወደዋለሁ፣ ይህን ጠባዩን ግን አልቀዳም።

ትልቁን ውሳኔ ያስወሰኑን የአንድ ደንበኛችን የሂሳብ ሠራተኛ ናቸው። እትዬ ነው የምላቸው። ፔይስሊፕ በሚላክበት ቀን አጠገቤ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

«ልጄ፣ ለእነማን እንደሚሄድ መጀመሪያ አሳየኝ። ካየሁ በኋላ ትለቀዋለህ።»

«እትዬ፣ ዝርዝሩ እኮ ያው ያለፈው ወር ነው።»

«ባለፈው ወር የነበረ ሁሉ ዛሬም አለ እንዴ?»

ልክ ናቸው። ሥራ የለቀቀ ሰው አለ፣ አዲስ የገባ አለ፣ ስሙ ከሌላው ጋር የተመሳሰለ አለ። የጊት ኢሜይል መላኪያ «ድራይ ራን» የሚል ኦፕሽን አለው፤ ምንም ሳይልክ ምን ሊልክ እንደነበር ያሳያል። ጥሩ ነገር ነው፤ ነገር ግን መጠንቀቅ እንዳለበት ያስታወሰ ሰው ብቻ ነው የሚጽፈው። የቸኮለ ሰው አይጽፈውም፤ የሚሳሳተውም የቸኮለው ነው። እኛ ነገሩን ገለበጥነው። መሣሪያው ያለ ተጨማሪ ኦፕሽን ሲጠራ የተቀባዮቹን ስም፣ አድራሻና ከእያንዳንዳቸው ጋር የሚሄደውን ፋይል ዘርዝሮ ያቆማል። እንዲልክ «ሰንድ» የሚለው ሙሉ ቃል መጻፍ አለበት። ከእሱ ጋር «ኤክስፔክት» የሚል ኦፕሽን አለ፤ ላኪው ስንት ሰው እንደሚጠብቅ ቁጥሩን ይጽፋል። 212 ብሎ ዝርዝሩ ላይ 213 ሰው ከተገኘ ለአንድም ሰው አይላክም። ክሮን የተባለው ፕሮግራም መሣሪያውን በቀጠሮ ሌሊት ሲያስነሳው አጠገቡ የሚቀመጥ እትዬ ስለሌለ ይህ ቁጥር በእሳቸው ቦታ ይቆማል።

«ቱ» የሚለው ኦፕሽንም ብዙ አወያይቶናል። በኢሜይል ደንብ ብዙ አድራሻ አንድ ላይ ከተሰጠው አንድ ደብዳቤ ለሁሉም ይሄዳል፤ ሁሉም የሁሉንም አድራሻ ያያል። ለስብሰባ ጥሪ ይሆናል፤ ለደመወዝ ግን ነውር ነው። ስለዚህ «ቱ» የሚቀበለው አንድ አድራሻ ብቻ ሆነ። ብዙ ተቀባይ ያለው ሰው በአንድ ደብዳቤ ለሁሉም ይሁን ወይስ ለየብቻ የሚለውን በስሙ ጠርቶ ይመርጣል፤ ሳይመርጥ ያለፈ እንደሆነ መሣሪያው ራሱ አይገምትለትም። የሰውን ደመወዝ በግምት ለሌላ ሰው ማሳየት የለብንም።

ሰዓት ላይ ስንደርስ የውጭ ማኑዋሎች አይረዱንም። ቀጠሮ ይዞ ለመላክ «አት» የሚል ኦፕሽን አለን። እሱ ላይ 3:00 ብሎ የሚጽፍ የአዲስ አበባ ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓትን ያስባል፤ ማሽኑ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ብሎ ያነበዋል። 09:00 ቢጽፍም አይድንም፤ ዘጠኝ ሰዓት ለእኛ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀን ሲሆን ይሻላል፤ አንድ ሰው 2018-03-05 ብሎ ኅዳር 5 ቀን 2018ን ቢያስብና ማሽኑ በፈረንጅ ቢያነበው፣ ያለፈ ቀን ስለሚሆንበት እንቢ ይላል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነት ስሕተቱን ያጋልጠዋል፤ የስድስት ሰዓቱ ልዩነት ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ባዶ ሰዓት አንቀበልም። ወይ «ጠዋት 3:00» ይባላል («ጧት» ብሎ ለሚጽፍም ያው ነው)፣ ወይ በፈረንጅ ተጽፎ መጨረሻው ላይ +0300 ይገባል። መሣሪያውም ቀጠሮውን ሲይዝ በሁለቱም አቆጣጠር መልሶ ያትማል።

ታዲያ የኦፕሽኖቹ ስም ራሱ ለምን አማርኛ አይሆንም? ይህን የሚጠይቁኝ ወጣቶች አሉ፤ ጥያቄውን አከብረዋለሁ። ሼል የእኛን ፊደል ይቀበላል፤ ከዚያ በኩል ችግር የለም። ችግሩ አንዱ ሰው «ርዕስ»፣ ሌላው «ርእስ» ብሎ መጻፉ ነው፤ «ሰዓት»ም «ሰአት»ም ይጻፋል። ለማሽን እነዚህ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሞክሼ ፊደሎችን አንድ አድርጎ የሚያነብ ክፍል ከተጨመረ ይህ ይፈታል፤ ያን ማድረግ ይቻላል፣ ለኦፕሽኖቹ ዋጋዎች አድርገነዋልም። ነገር ግን በሰርቨሩ ኮንሶል ላይ ፊደላችን ብዙ ጊዜ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል፤ ችግር ሲፈጠር ሰው የሚገባው ደግሞ በዚያ ኮንሶል ነው። የኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ስሞቹ በእንግሊዝኛ ይቆዩ፤ የእርዳታ ጽሑፉና የስሕተት መልእክቱ በሙሉ በአማርኛ ይሁን፤ ተርሚናሉ ፊደላችንን ማሳየት ካልቻለ ብቻ በእንግሊዝኛ ይምጣ። የተጨነቀ ሰው መሣሪያው የሚለውን በራሱ ቋንቋ ሊያነበው ይገባል። «ኢንቫሊድ አርጉመንት» ለማንም አይጠቅምም። «3:00 ጠዋት ነው ማታ? ‹ጠዋት 3:00› ብለው ይጻፉ» ይጠቅማል።

መብራት ሲሄድ ወይም ኔትወርክ ሲቋረጥ ግማሹ ተልኮ ግማሹ የቀረበት ጊዜ ይመጣል። በዚህ ጊዜ «ሪትራይ» የሚል ስም አደገኛ ነው፤ ከመጀመሪያው ይጀምር ወይስ ከቆመበት ይቀጥል ስሙ አይናገርም። እኛ ያለን «ሪዚዩም» ብቻ ነው፤ የላከውን የጻፈበትን መዝገብ ከፍቶ የደረሳቸውን እየዘለለ ለቀሩት ይልካል። ይህን እንደ ልዩ ችግር ማየት አያስፈልግም። ኢንተርኔት ወደ አገራችን በ1989 ዓ.ም. ከመግባቱ በፊት አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ሥርዓት ፊዶኔት በሚባል መረብ ኢሜይል ያመላልስ ነበር፤ መልእክቱ ይጠራቀምና በስልክ መስመር ይላካል፣ መስመሩ ሲገኝ። ኢሜይል በሚቆራረጥ መስመር ላይ የኖረ ነገር ነው፤ መሣሪያውም ለዚያ መዘጋጀት አለበት።

አንድ የደኅንነት ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2016 ፒኤችፒሜይለር በተባለው የታወቀ ላይብረሪ ላይ ክፍተት ተገኘ። አጥቂው በላኪው አድራሻ ቦታ ባዶ ቦታና ሰረዝ አስገብቶ ይጽፋል፤ ሰንድሜይል ያንን እንደ ኦፕሽን ይወስደውና አጥቂው በፈለገው ፋይል ላይ ይጽፍለታል። ሰው ፎርም ላይ የሞላው ነገር በምንም መንገድ ኦፕሽን መሆን የለበትም። ከተጠቃሚ የሚመጣ አድራሻ በእኛ መሣሪያ በፋይል ይነበባል እንጂ በትእዛዙ መስመር ላይ አይገባም።

እንዲህ ያለ መሣሪያ ለምትሠሩ ወገኖች የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ለአንድ ፊደል ትርጉም ከመስጠታችሁ በፊት የሜልዩቲልስን፣ የሜልኤክስንና የመትን ማኑዋል ከፍታችሁ ያ ፊደል እዚያ ምን እንደሚሠራ እዩ። ከዚያ የእርዳታ ጽሑፋችሁን አትማችሁ ለአንድ የሂሳብ ሠራተኛ ስጡና ሳታስረዱ ያንብቡት፤ የቱን ኦፕሽን ቢጽፉ ደብዳቤው እንደሚወጣ ራሳቸው መናገር ካልቻሉ ስሙን ቀይሩት፤ ገና ማንም ስክሪፕት ውስጥ ሳያስገባው።