ወንዝ የማያሻግር የወንዝ ትምህርት

በላንቻ አካባቢ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ወንዝ ምን እንደሚሠራ ቢጠየቅ አይደናገርም። ይሸረሽራል፣ ያጓጉዛል፣ ያከማቻል ይላል። ወጣት፣ ጎልማሳና አሮጌ የሚባሉትን የወንዝ ዕድሜዎችም በተራ ይደረድራል። በእግሩ ሊደርስበት በሚችለው በቄራ በኩል የሚያልፈው ጥቁር ውኃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ ሲጠየቅ ግን ዝም ማለቱ አይቀርም። ወንዝ ለእርሱ ዓባይ ነው፤ የሰፈሩ ውኃ ሽታ ብቻ ነው።

መጽሐፉ የሚለው እውነት ነው። ጥፋቱ እውነቱን አርቆ ማስቀመጡ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው እንጦጦና ከአካባቢው የሚወርዱት ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ባንተይቀጡ፣ ቀጨኔና ቁርጡሜ በአቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ይገባሉ፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላሉ። ሽርሸራው ተራራው ላይ፣ ክምችቱ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተሠራውና ደለልና እምቦጭ በወረሩት ግድብ ውስጥ ይታያል። ሙሉው ምዕራፍ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

የጎርፍ ነገርም እንዲሁ ነው። «ደን ስለተጨፈጨፈ» የሚለው መልስ ማርክ ያስገኛል፤ ግን ጎዶሎ ነው። ቆርቆሮና አስፋልት ዝናቡ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ከልክለው ባንድ ጊዜ ወደ ወንዙ ይለቁታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ድሬዳዋን በሌሊት ሲያጥለቀልቅ ከ200 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ዝናቡ በብዛት የወረደው ራስጌ ባሉት ደጋዎች ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 7 ሰዎች በጎርፍ ሞቱ። ራስጌና ግርጌን አገናኝቶ ማሰብ እንግዲህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ብክለትስ? «ፋብሪካዎች» ብሎ ማለፍ ይቀላል። የየቤታችን መጸዳጃ ቱቦ የት እንደሚያልቅ የሚጠይቅ ጥያቄ ግን በፈተና ላይ የለም። በዚያው ውኃ የለማው ሰላጣና ቆስጣ ተመልሶ ገበታችን ላይ ይቀርባል፤ ተመራማሪዎችም በከተማዋ አትክልቶች ውስጥ ከባድ ብረቶች ማግኘታቸውን ጽፈዋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ የወንዝ ዳርቻዎችን የማስዋብ ሥራ እየተሠራ ነው፤ መልካም ነው። ዳሩ ግን ሣርና አጥር ቱቦውን አይዘጉትም።

ሁሉን በመምህሩ ላይ መጫን ግፍ ነው። ክፍሉ ተጨናንቋል፤ ፈተናው ደርሷል፤ ውኃውም የሚነካ አይደለም። ቢሆንም በበጋ ድልድይ ላይ ቆሞ ተንሳፋፊ ነገር 10 ሜትር ለመሄድ ስንት ሰኮንድ እንደፈጀበት መቁጠር፣ የውኃውን ቀለም መመዝገብ፣ በክረምት ደግሞ ከሩቅ ሆኖ የሙላቱን ከፍታ ማስተያየት አውቶቡስም ላቦራቶሪም አይጠይቅም።

እኛ ጸሐፊዎችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። ለዓባይ የደረደርነው ስንኝ ስፍር ቁጥር የለውም፤ ለቁርጡሜ ስንት ጻፍን? ልጁ አጠገቡ የሚፈሰውን ካላወቀ፣ የሸመደደው ትምህርት ከፈተና ቀን ወዲያ ወንዝ አያሻግረውም።