የልብስ አጣቢዋ ስጦታ

ኦሲዮላ ማካርቲ በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት፣ በሃቲስበርግ ከተማ፣ የሰው ልብስ እያጠቡና እየተኮሱ ያረጁ ሴት ነበሩ። አክስታቸውን ለማስታመም ሲሉ ትምህርታቸውን ከስድስተኛ ክፍል አቋረጡ፤ በዚያው ቀሩ። አላገቡም፣ አልወለዱም፣ መኪናም አልነበራቸውም። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ገዝተው ሞክረው ነበር፤ አጠባው ግን አላረካቸውም። ልብስ ወደሚቀቅሉበት ድስትና ወደሚያሹበት ሰሌዳ ተመለሱ። ከእጃቸው ዋጋ የተረፈችውን ሁሉ ባንክ ያስገቡ ነበር።

የመገጣጠሚያ ሕመም ሥራ ሲያስቆማቸው የገንዘባቸው ዕጣ መወሰን ነበረበት። የባንክ ሠራተኛው ጠረጴዛ ላይ አሥር ሳንቲሞች ደረደረላቸው፤ እያንዳንዷ የሀብታቸው አንድ አሥረኛ ናት። እሳቸውም አንዷን ለቤተ ክርስቲያናቸው፣ ሦስቱን ለዘመዶቻቸው ለዩ። ስድስቱን ለደቡብ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ሰጡ።

ድርሻው 150 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር።

ስጦታው እ.ኤ.አ. በ1995 ይፋ ሲሆን ዕድሜያቸው 87 ደርሶ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ጥቁር ተማሪዎችን መቀበል የጀመረው በ1960ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ጥቁር የነበሩት ማካርቲ በወጣትነታቸው ደጁን መርገጥ አይችሉም ነበር። ቂም አልያዙም። እሳቸው ያጡትን ትምህርት አቅም ያነሳቸው ልጆች እንዲያገኙ ፈለጉ። ትልቁ ነገር ይህ ነው።

እርጅናቸውም ደመቀ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሜዳሊያ ሸለሟቸው፤ ሃርቫርድ በ1996 የክብር ዶክትሬት ሰጣቸው። ከሁሉ በላይ ግን በስማቸው በተሰየመው የነፃ ትምህርት ዕድል የተማረችውን የመጀመሪያዋን ተማሪ በዓይናቸው አዩ። በ1999፣ በ91 ዓመታቸው አረፉ።