የክረምት ንባብና የመስከረም ትምህርት፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን እንደገና ሳነብ

ጎተራ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእህል ማከማቻዎቹ ነው። በገጠር ጎተራ የሚጎድለው በክረምት ነው፤ ገበሬው የዘራው እስኪደርስ ያለፈውን ዓመት እህል ቆጥቦ የሚበላበት ወቅት ነውና። የመምህር ክረምት የዚህ ተቃራኒ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲሰጥ የከረመው ሰው ጎተራውን የሚሞላው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። እኔም ዘንድሮ ከማሳለጫው አጠገብ ባለው ቤቴ፣ ዝናቡ ከደጅ ባስቀረኝ ቀን ሁሉ አንድ መጽሐፍ ብቻ አነበብኩ፤ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»። ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም። ለማስተማር ሳይሆን እንዲያው ለማንበብ ብዬ ሳነሣው ግን ከብዙ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

ልዩነቱ ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም። በክፍል ውስጥ ልቦለዱን የምናገኘው ተቆራርጦ ነው፤ ጥቂት ቀን ለታሪኩና ለሴራው፣ ጥቂት ቀን ለገጸ ባሕርያቱ፣ የተረፈው ለጭብጡ። በዚህ አካሄድ ፊታውራሪ መሸሻ የባላባቱ ሥርዓት ወኪል፣ ጉዱ ካሣ የለውጥ ድምፅ፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ደግሞ የሥርዓቱ ሰለባዎች ተብለው ይመዘገባሉ። ይህ ስሕተት ነው አልልም። ቀጥሎ የአተራረክ ሂስ ይመጣል። እዚህ ላይ እኔ ራሴ «ትረካው ይንዛዛል፤ ደራሲው የታሪኩን ፍሰት እየገቱ ወደ ዝርዝር ይገባሉ» እያልኩ ለዓመታት አስተምሬአለሁ፤ የፈተና ጥያቄም አድርጌዋለሁ። ይህን አስተያየቴን አሁን ለማንሣት እገደዳለሁ።

ምክንያቱም ልቦለዱ ከሁሉ አስቀድሞ የመቆየት ታሪክ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ለጋብቻ የሚጠይቀውን ሁሉ በዘር አይመጥነንም እያሉ ሲመልሱ የሰብለ ወንጌል የማግቢያ ዕድሜ ያልፋል። ይህንን በአንድ ዐረፍተ ነገር መናገር ይቻላል፤ እነሆ ተናገርኩት። የሰብለ መቆየት ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር አይሰማም። ሐዲስ የቤቱን ሥርዓት፣ የሰዉን ጠባይና አነጋገር ሳይቸኩሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ አንባቢውም ከእርሷ ጋር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በዛብህ ወደዚያ ቤት የሚገባውም በሌላ ምክንያት አይደለም፤ ሊያስተምራት ነው። «ፍቅራቸው ድንገት መጣ» የሚል ተማሪ ሲያጋጥመኝ ትምህርቱን ዘልሎ እንዳነበበ እጠረጥራለሁ። ፍቅሩ የተጸነሰው በልማድ ውስጥ ነው፤ መምህሩና ተማሪዋ ደግመው ደጋግመው በአንድ መጽሐፍ ፊት በመቀመጣቸው። ክረምት አልቆ ወደ ዕለት ተዕለት ሥራው ለሚመለስ መምህር ይህ ጥቂት የሚያጽናና ነገር አለው። መጨረሻው ላይም ሰብለ መነኩሴ መስላ ዓባይን ተሻግራ ወደ አዲስ አበባ ስትጓዝ መንገዱ የእግር መንገድ ነው። ትረካውን ፈጣን ማድረግ መንገዱን ማሳጠር ይሆን ነበር።

ለዚህ የተሻለው ምስክር እኔ ሳልሆን ወጋየሁ ንጋቱ ነው። ወጋየሁ መጽሐፉን በኢትዮጵያ ሬዲዮ በተከታታይ ሲተርከው አድማጩ ያገኝ የነበረው እየተቆነጠረ፣ ቀጣዩን እየጠበቀ ነበር። ያን ትረካ የሚያስታውሱ ሰዎች ስለ ድምፁ ሲያወሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ስለ ርዝመቱ ሲያማርሩ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። በሬዲዮ ያልታየው መንዛዛት በክፍል ውስጥ ከየት መጣ? ከመጽሐፉ ይልቅ ከእኛ የጊዜ ሰሌዳ የመጣ ይመስለኛል።

ይህን ስል ዝርዝሩ ሁሉ ሥራ አለው ማለቴ አይደለም። የጉዱ ካሣ ንግግሮች በክረምትም ረጃጅም ናቸው። አንዱን ስጀምር የጀመረው ዝናብ ንግግሩን ሳልጨርስ አባርቶ፣ ሰው ጃንጥላውን አጥፎ ሲሄድ በመስኮት አይቻለሁ። እዚያ ላይ ሰውየው ቀርቶ ደራሲው ራሳቸው እንደሚናገሩ ግልጽ ነው፤ ሰብለን ስንጠብቅ የነበረን ትዕግሥት እዚህ አይገኝም። እንግዲህ ርዝመትን ሁሉ በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ አይገባም ነበር፤ እኔ ግን በአንድ ቃል፣ «ይንዛዛል» ብዬ፣ ሁለቱን ጠቅልዬ አልፌአለሁ።

እነሆ ጳጉሜ ገብቷል፤ የምዝገባው ሰልፍም ቀርቧል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ የሚወጣው መስከረም 25 ነው። አዲሱ ዓመት የሚጠባው ክረምቱ ሳይወጣ መሆኑን እስከ ዛሬ ልብ ብዬው አላውቅም። ዘንድሮ በዚያ በተረፈው ክረምት ልጠቀም አስቤአለሁ። የገጸ ባሕርያቱን ሰንጠረዥ ለጥቅምት አቆይቼ፣ የመጀመሪያዎቹን ክፍለ ጊዜያት ተማሪዎቹ በየተራ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡ አደርጋለሁ። የድሮዋን የፈተና ጥያቄም ሰርዣታለሁ። ከበዛብህ ልጅነት ተነሥተን ሰብለ ዘንድ ለመድረስ ስንት ክፍለ ጊዜ እንደሚፈጅብን ገና አላሰላሁትም።