የሌላውን ስም ያስመለሰ ሐያሲ

የሥዕል ሂስ ምን እንደሚጠቅም ለመመርመር የፈረንሳዊውን የቴዎፊል ቶሬን ሕይወት መመልከት ይበቃናል። ቶሬ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1807 ተወለደ፤ ሕግ ቢማርም ብዕሩን ለጋዜጣ ሰጠ። በ1840ዎቹ ዓመታት በ«ኮንስቲቱሲዮኔል» ጋዜጣ ስለ ፓሪስ የሥዕል ትርኢቶች ሲጽፍ፣ ጥበብ ለሰው ልጅ እንጂ ለራሷ ብቻ አልተፈጠረችም ይል ነበር።

በ1849 በመንግሥት ላይ በተነሣው አመፅ በመካፈሉ እስከ 1859 ምሕረት ድረስ በስደት ኖረ። በዚያም ዘመን «ቡርገር» በሚል የብዕር ስም ጻፈ፤ ትርጓሜው በጀርመንኛ ዜጋ ማለት ነው።

በ1842 በሄግ ያየው የዴልፍት ከተማ ሥዕል ከልቡ አልወጣም ነበር። የሠዓሊው የቬርሜር ስም ከሆላንድ ውጭ እምብዛም አይታወቅም፤ አንዳንድ ሥራዎቹም በሌሎች ሠዓልያን ስም ይጠሩ ነበር። ቶሬ ከአገር አገር እየዞረ ከመረመረ በኋላ፣ በ1866 ባሳተመው ጽሑፍ 70 ያህል ሥዕሎች የቬርሜር ናቸው አለ። ዛሬ ሊቃውንት የቬርሜር ሥራ ነው ብለው የሚቀበሉት ግን በዓለም ሁሉ 35 ያህል ብቻ ነው።

እንግዲህ እንዴት እንፍረድ? ከዝርዝሩ ብዙው ወድቋል፤ የሚያወድሳቸውንም ሥዕሎች ራሱ ይገዛና ያሻሽጥ ስለ ነበር ሚዛኑ ከጥቅም ነጻ ነበር አንልም። ነገር ግን ወተት የምትቀዳ ገረድ ሥዕል ከነገሥታት ሥዕል እንደማያንስ ካስተማሩት አንዱ እርሱ ነው። በ1869 ከሞተ በኋላ ስሕተቱን ተከታዮቹ አረሙት፤ ቬርሜር ግን ዳግመኛ አልተረሳም። ሐያሲን በስሕተቱ ብዛት ብቻ ሳይሆን እንድናይ ባደረገንም ነገር ልንመዝነው ይገባል እንላለን።