ስለ «ዴርቶጋዳ» ጥቂት ቃል

ወንድሞችና እኅቶች፣ አገር ቤት ካሉት ታናናሾቻችሁ አንዱ ይህን መጽሐፍ ሳያነብ አይቀርም። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያሳተመው ልብ አንጠልጣይ ልብወለድ ነው። ሰላይ አለበት፣ የጣና ገዳማት አሉበት፣ ባሕር ማዶ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሊቅም አለበት። እውነቱን ልናገር፣ ከያዙት አያስቀምጥም፤ እኔም ሌሊቱን ሙሉ ነው ያነበብኩት። አገሩን የሚወድ ወጣት ልቡ ይሞቃል።

ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። እዚያ ውስጥ አደጋ ያምራል። ሰው ይሳደዳል፣ ይሸሻል፤ እግሩ ሲላጥ፣ ከንፈሩ በጥም ሲሰነጠቅ ግን ደራሲው ብዙም አይቆምበት። ከኦቦክ በጀልባ ተሻግረን፣ የየመንን በረሃ አቋርጠን፣ በሰዓዳ በኩል ጂዛን የገባን ሰዎች እኮ ሽሽትን እናውቃለን! ደላላ ምስጢር ጠባቂ ጀግና አይደለም፤ እየደበደበ ለእናትህ የሚያስደውል ነው። ገዳሙም ቢሆን የምስጢር ቦታነቱ በዛና ጸሎቱ አነሰብኝ።

ቢሆንም አትከልክሏቸው፣ ያንብቡ። የ16 ዓመቱ ልጅ አንብቦ ሲያበቃ ደውሎ «የእናንተስ መንገድ እንዴት ነበር?» ካላችሁ ግን አታሳምሩለት። የጠጣችሁትን ውሃ መልኩን ሳይቀር ንገሩት።