ትዝታ የት ያርፋል?

ዛሬ ጊታር ልማር ብሎ የሚመጣ ወጣት ባዶ እጁን አይመጣም። ከዩቲዩብ የለቀመውን ባለ አምስት ድምፅ የሮክ ስኬል ከላይ እስከ ታች ይሮጥበታል፤ የጣቱ ጫፍ ደንድኗል፣ የፒክ አያያዙም ደህና ነው። ቀጥሎ «ጋሼ፣ አሁን ትዝታ ያሳዩኝ» ይላል። «እስካሁን ስትጫወተው የቆየኸው እኮ ነው» ስለው የቀለድኩበት ይመስለዋል።

ያ የሮክ ስኬል፣ ማለትም ከላ የሚጀምረው ማይነር ፔንታቶኒክ፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ነው። ከዶ የሚጀምረው ትዝታ ሜጀር ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ያው አምስቱ ድምፆች፣ ያው ፍሬቶች። ላ ላይ ካረፉ ባቲ ማይነር፣ ዶ ላይ ካረፉ ትዝታ ይሆናል። ፈጣኑ ልጅ ግን ሐረጉን የሚዘጋው እጁ በቆመበት ስለሆነ ትዝታ ጀምሮ ብሉዝ ይጨርሳል። ስለዚህ ጊታሩን አስቀምጦ ዜማውን እንዲያንጎራጉር አደርገዋለሁ። ድምፁ ላያምር ይችላል፣ ግድ የለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው የኖረውን ማረፊያ ጉሮሮው አይስተውም። ያላንጎራጎረውን ሐረግ በጣቱ እንዲነካ አልፈቅድለትም።

ከዚያ ወደ አንድ ክር እንወርዳለን። ማሲንቆ ይህን ሁሉ ዘመን የዘለቀው በአንድ ክር ነውና ጊታር ተጫዋች ለጥቂት ሳምንት ቢታገሥ አይጎዳም። በስድስቱ ክሮች ላይ በቃል የተያዘ ቅርጽ በድምፆቹ መካከል ያለውን ርቀት ይደብቃል፤ አንድ ክር ላይ ግን ሁሉም ፊት ለፊት ይታያል። ትዝታ ሜጀር በፍሬት ሲቆጠር 2፣ 2፣ 3፣ 2፣ 3 ነው። ትዝታ ማይነር 2፣ 1፣ 4፣ 1፣ 4። ከአንድ ፍሬት ጠባብ እርምጃ ቀጥሎ የአራት ፍሬት ዝላይ ስለሚመጣ እጅ ከቦታው ተነሥቶ መንሸራተት ግድ ይሆንበታል። የዘፋኝ ቅላጼ ጊታር ላይ የሚገኘው እዚያ መንሸራተት ውስጥ ነው። ቅርጽ የለመደ እጅ እዚያው ቦታ ላይ ክር ቀይሮ ስለሚያልፍ ይህን ሳይሰማው ይቀራል።

 

ቀኝ እጅ ከግራው የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፣ የሚለማመደው ግን ጥቂት ነው። ችክችካ 6/8 ነው፤ ስድስቱ ምት ሦስት ሦስት ሆኖ ለሁለት ሲከፈል ክብደቱ አንደኛውና አራተኛው ላይ ይወድቃል። ፒኩን ታች ላይ፣ ታች ላይ እያፈራረቁ ከሄዱ አንደኛው ምት ወደ ታች፣ አራተኛው ወደ ላይ ይመጣል። ወደ ላይ የሚመታ ምት በባሕርዩ ቀላል ስለሆነ ችክችካው ያነክሳል። ታች ላይ ታች፣ ታች ላይ ታች ቢባል ክብደቱ ይስተካከላል፤ ነገር ግን ሁለት ወደ ታች የሚመቱ ምቶች ይከታተላሉና ፍጥነት ሲጨምር ክንድ ይደርቃል። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጎ፣ በአንዱ ጠቅታ ሦስት ምት እየመቱ፣ በስልክ መቅዳት ይሻላል። ክንዱ የት ላይ መድረቅ እንደጀመረ ቅጂው ላይ ይሰማል።

ግራ እጅ ደግሞ ከክራር ይማር። ግርፍ ክራር የሚጫወት ሰው ቀኝ እጁ ክሮቹን በአንድ ላይ ሲመታ የግራ ጣቶቹ የማይፈለጉትን አፍነው የሚፈለገውን ብቻ ይለቃሉ። ጊታር ላይም ኮርዱን እንደያዙ ጣትን ላላ ማድረግ ያንን «ችክ» የሚል ደረቅ ድምፅ ያወጣል። ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ የሮሃ ባንድ ካሴቶች ላይ የሰላም ሥዩምን ጊታር ብቻ ለይተው እንዲያዳምጡ ነው፤ የሚመታበትን ያህል የሚተውበትንም እንዲቆጥሩ።

ኮርድ ላይ ያለኝ ሐሳብ ሁሉንም ባልደረቦቼን አያስደስትም። የጀማሪ መጽሐፍ ቶሎ የሚያስተምረው ዶ፣ ፋና ሶል ሜጀርን ነው። እነዚህን ከዶ በሚነሳ ትዝታ ሜጀር ሥር ሲደረድሩ የፋ ኮርድ ፋን፣ የሶል ኮርድ ሲን ይዞ ይገባል፤ ሁለቱም ቅኝቱ ውስጥ የሉም። ከቅኝቱ ሳይወጡ የሚሠሩት ዶ ሜጀርና ላ ማይነር ናቸው፤ ለእኔ ይበቁኛል።

አንቺ ሆዬ ከዚህም ይብሳል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ሚ የለም፣ ሶልም የለም፤ ስለዚህ ማረፊያው ዶ ላይ ሜጀርም ሆነ ማይነር ኮርድ አይቆምም። ወይ ዶንና ፋን ጥንድ አድርጎ መያዝ ነው፣ ወይ ኮርዱን ትቶ ክራር እንደሚያደርገው የዘፋኙን ዜማ በራስ መንገድ መከተል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ኮርዱን ለኪቦርድ ተጫዋቹ እተውለታለሁ፤ እሱም ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው ዜማው ላይ መጥቶ ይቀላቀለኛል።