የዳንግላ ሰማይና የኢንተርኔቱ ደመና

«የመስከረም 12 የዳንግላ አየር» ብላችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ እስቲ፤ ለየዓመቱ የደመና ምልክት ተደርድሮ ይጠብቃችኋል። ማን ቀና ብሎ አየው? ብዙውን ጊዜ ማንም፤ ኮምፒውተር ያሰላው ነው። ኢራ-5 የተባለው የአውሮፓ መረጃ ለምሳሌ ምድርን 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባላቸው ካሬዎች ይከፋፍላል። በአንድ ካሬ ውስጥ ያለው ዳገትም ሜዳም በአንድ ከፍታ ይቆጠራል፤ ከፍታ ግን ለውጥ ያመጣል፦ እንጅባራ ከዳንግላ ወደ 400 ሜትር ከፍ ትላለች፣ በዚህ ብቻ 2 ዲግሪ ያህል ትቀዘቅዛለች።

የሰማዩ ነገር ይብሳል። የጣቢያ ታዛቢ ሰማዩን ለ8 ከፍሎ ስንቱ እንደተሸፈነ ይመዘግባል። ጠዋት ብራ ሆኖ 1፣ ከሰዓት በኋላ ጠቁሮ 7 ቢሆን አማካዩ 4 ነው፤ ገጹም «ከፊል ደመናማ» ይላችኋል። እንዲህ ያለ ሰማይ ግን ያን ቀን አልነበረም!

የብዙ ዓመት የሙቀት ለውጥ ለማነጻጸር ገጾቹ ደህና ናቸው። «ያን ቀን በረዶ ማሳዬን የመታው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ለሚል የአዊ ገበሬ ግን ዕለታዊው ምልክት ምንም አይነግረውም።